ጁክ፦ የካንቶናውያን የማለዳ ማዕድ

በደቡብ ቻይና የዕንቁ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ የተመሠረቱት ጓንዡ፣ ሆንግ ኮንግና ማካው የአስተዳደር ታሪካቸው የተለያየ ቢሆንም፣ አንድ ቋንቋና አንድ የምግብ ባህል ያስተሳስራቸዋል። አውሮፓውያን ጓንዡን ለረጅም ዘመን ካንቶን እያሉ ይጠሯት ስለ ነበር፣ የአካባቢው ሕዝብም፣ ቋንቋውም፣ የምግብ ሙያውም እስከ ዛሬ ካንቶናዊ በሚል መጠሪያ ይታወቃሉ። ይህ ሙያ በውጭው ዓለም ስም ያተረፈው በምድጃ በተጠበሰ ዳክዬው፣ በእንፋሎት በሚበስል ዓሣውና ዲም ሰም በሚባሉት፣ ከሻይ ጋር በሚቀርቡ ትናንሽ ምግቦቹ ነው። የአገሬው ሰው ግን በሕፃንነቱ ጥርስ ሳያበቅል የቀመሰው፣ ሲታመም የሚሰጠው፣ በደህናው ቀንም ማለዳ ተነሥቶ የሚፈልገው ምግብ ከእነዚህ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ይኸውም ሩዝ በብዙ ውሃ ፍሬው እስኪፈርስ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ የሚዘጋጅ፣ ጁክ የተባለ ላላ ያለ ገንፎ ነው።

ጁክ በመልኩ የሚማርክ ምግብ አይደለም። ነጭና ለስላሳ ከመሆኑ በላይ በችግርና በሕመም ጊዜ የሚበላ ምግብ ሆኖ የኖረ በመሆኑ፣ እንግዳ ሰው ተራ ነገር መስሎት ቢያልፈው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የካንቶናውያን ምግብ ሙያ ዋና መርሕ የእያንዳንዱን ነገር ተፈጥሯዊ ጣዕም ሳይሸፍኑ ማውጣት ሲሆን፣ ይህ መርሕ በውድ ግብዣዎች ላይ ከሚታየው ይልቅ በዚህ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጎልቶ ይታያል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙ ቅመም ያለው ወጥ የባለሙያውን ስሕተት ሊሸፍንለት ይችላል፤ ጁክ ግን አይሸፍንም፤ ዓሣው የዋለ ያደረ ከሆነ ወይም ሠራተኛው ገንፎውን ቸኩሎ ከእሳቱ ካወጣ የመጀመሪያው ማንኪያ ያጋልጠዋል።

ጓንዡ ለኢትዮጵያውያን መንገደኞች እንግዳ ከተማ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያ የሚበር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ በጸደይና በመከር የሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርኢት፣ እንዲሁም የልብስ፣ የጫማ፣ የኤሌክትሮኒክስና የቤት ዕቃ የጅምላ ገበያዎቿ ከመላው አፍሪካ ነጋዴዎችን ይስባሉ፤ ሻውቤይ የተባለው ሰፈርም የእነዚህ ነጋዴዎች መናኸሪያ በመሆን ይታወቃል። በጥቂት ቀን ውስጥ ዕቃ መርጦ፣ ተደራድሮና አስጭኖ ለመመለስ የሚጣደፍ ነጋዴ ቁርሱን በሆቴሉ ቢጨርስ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ሆኖም ከተማዋን ከመጋዘኖቿ ባሻገር ማወቅ ለሚፈልግ ሰው በየመንደሩ ማለዳ የሚከፈተው የጁክ ቤት፣ ትኬት ተቆርጦለት ከሚጎበኝ ብዙ ስፍራ የተሻለ መግቢያ ነው።

የጁክ አሠራር በቃል ሲነገር አጭር ነው። አንድ እጅ ሩዝ ከ10 እስከ 12 እጅ በሚሆን ውሃ ውስጥ ይቀቀላል፤ አንዳንድ ቤቶች የውሃውን መጠን ከዚህም ያበዙታል። ሩዙ አስቀድሞ ታጥቦ፣ በጥቂት ጨውና ዘይት ታሽቶ ይቆያል፤ ከዚያም ወደ ፈላ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃው ሳይፈላ የተጨመረ ሩዝ ከድስቱ ሥር ሊጣበቅና ሊያርር ይችላልና። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እሳትን መጠበቅና ማማሰል ሲሆን፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሩዙ ፍሬ ውስጥ የሚከናወነው ነገር የምግቡን ጠባይ ይወስናል። የሩዝ ዋና ክፍል የሆነው ስታርች በጥቃቅን እንክብሎች መልክ የተከማቸ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አልፎ ሲጨምር እንክብሎቹ ውሃ እየመጠጡ ያብጣሉ፤ መፍላቱና መማሰሉ ሲቀጥል ይፈነዱና ስታርቹን ወደ ውሃው ይለቃሉ። ውሃውን የሚያወፍረውና እንደ ሐር የሚያለሰልሰው ይኸው ከፍሬው የወጣ ስታርች እንጂ ከውጭ የተጨመረ ዱቄት አይደለም። ሥራቸውን ለማቃለል የሚሹ ሰዎች የታጠበውን ሩዝ አጥልለው በረዶ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩታል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ፍሬውን ስለሚሰነጣጥቀው በሚቀቀልበት ጊዜ ፈጥኖ ይፈርሳል።

ይህን ምግብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስረዳት ከገንፎ ይልቅ አጥሚት ይቀርባል፤ አጥሚትም እንደ ጁክ ላላ ያለ፣ ለአራስና ለሕመምተኛ የሚታሰብ፣ ሆድን የማያስጨንቅ ምግብ ነውና። ልዩነታቸው አጥሚት ከተፈጨ ዱቄት ሲዘጋጅ ጁክ ከሙሉ የሩዝ ፍሬ መነሣቱ ነው፤ ፍሬውን የሚፈጨው ወፍጮ ሳይሆን እሳትና ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ የቻይና የምግብ ጠበብት ጥብቅ መለኪያ ነበራቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ባለ ቅኔና የምግብ ሊቅ ዩዋን ሜይ እ.ኤ.አ. በ1792 በታተመው የምግብ መጽሐፉ ውስጥ፣ ሩዙና ውሃው ተለያይተው የሚታዩበትን ገንፎ እንደ ገንፎ አልቆጠረውም፤ ተሠርቶ የቆየውንም አልወደደውም። የጓንዡ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚከተሉት ልማድ ከዚህ መለኪያ ጋር ይስማማል። ጓንዡ በምትገኝበት በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በስተ ምሥራቅ የሚኖሩት የቻውዡ ሰዎች ግን የሩዙ ፍሬ ቅርጹን ሳይለቅ ከፈሳሹ ተለይቶ የሚታይበትን ገንፎ ይመርጣሉ። ስለዚህ መንገደኛው ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ያልፈረሰ ሩዝ ቢያገኝ የተበላሸ ምግብ ቀረበልኝ ብሎ መቆጣት የለበትም፤ የገባው ወደ ቻውዡዎች ቤት ሊሆን ይችላል።

ካንቶናውያን ዝግጁ የሆነውን ንጹሕ ገንፎ ጁክ ዳይ ይሉታል፤ የገንፎው መሠረት ማለት ነው። ገበታው ላይ ከሚታየው ሁሉ የሚበልጠው የባለሙያው ልፋት ያለው በዚህ መሠረት ውስጥ ነው። ብዙ ቤቶች የአሳማ አጥንት አብረው ይቀቅላሉ፤ ስካሎፕ ከተባለ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የተገኘና የደረቀ ሥጋ የሚጨምሩም አሉ፤ ይህ ሥጋ ውድ ቢሆንም ጥቂቱ ለትልቅ ድስት ጥልቅ ጣዕም ይሰጣል። ከአኩሪ አተር ወተት ላይ የሚገፈፈው ስስ ሽፋን ደርቆ ሲጨመር ደግሞ በእሳቱ ኃይል ቀልጦ ገንፎውን ነጭና ወፍራም ያደርገዋል። ተመጋቢው እነዚህን ነገሮች በዓይኑ ላያያቸው ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ምንም ተጨማሪ የቀረበ ጁክ በአንዱ ቤት ውሃ ውሃ ሲል በሌላው ቤት ጣዕሙ አፍን ሞልቶ የሚቆየው በእነዚህ ምክንያት ነው።

መሠረቱ ከተዘጋጀ በኋላ የሚመጣው ክፍል ፈጣን ነው። ተመጋቢው ትእዛዙን ሲሰጥ ሠራተኛው ከትልቁ ድስት ጥቂት ገንፎ ወደ ትንሽ ድስት ይቀዳል፤ በኃይለኛ እሳት ካንተከተከው በኋላ በስሱ የተከተፈ ጥሬ ሥጋ ወይም ዓሣ ይጨምርበታል፤ ወዲያውም ያወጣዋል። ይህ ዘዴ ሳንግ ጓን ጁክ ይባላል፤ ጥሬው ነገር በፈላው ገንፎ ውስጥ የሚበስልበት ጁክ ማለት ነው። ወፍራም ገንፎ ሙቀትን ከውሃ ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ ሥጋው ሳይደርቅ ይበስላል፤ አስቀድሞ በሶያ ሶስ፣ በበቆሎ ስታርችና በዘይት መታሸቱም ልስላሴውን ይጠብቅለታል። የበሬ ሥጋ፣ የአሳማ ጉበትና ከሁሉ በላይ የወንዝ ዓሣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ በዚህ መንገድ ይቀርባሉ። በየገበያው ዓሣ በውሃ ውስጥ እየዋኘ መሸጡ ለካንቶናውያን ቅንጦት አይደለም፤ ያለ ትኩስ ዓሣ ይህ ዓይነቱ ምግብ ሊኖር አይችልምና።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ጓንግዶንግ ጥሬ ወይም በሚገባ ያልበሰለ የወንዝ ዓሣ በመብላት የሚተላለፈው የጉበት ትል ከሚገኝባቸው የቻይና አካባቢዎች አንዱ ነው። በፈላ ገንፎ ውስጥ በሚገባ የበሰለ ዓሣ አያሠጋም፤ ነገር ግን በጥንቱ ልማድ በአንዳንድ ቤቶች ጥሬው ዓሣ በተለየ ሳህን ቀርቦ ተመጋቢው ራሱ ወደ ገንፎው እንዲጨምረው ይደረጋል፤ ገንፎው በዚህ መሐል ከቀዘቀዘ የዓሣው ውስጥ ጥሬ ይቀራል። የዓሣው ሥጋ ብርሃን የሚያሳልፍ መልኩን ለቆ ጨርሶ ነጭ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ፣ ካልሆነም ተመልሶ እንዲፈላ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከጁክ ዓይነቶች ሁሉ ከጓንዡ ከተማ ታሪክ ጋር በጥብቅ የተሳሰረው ቴንግ ጃይ ጁክ ነው፤ የትንሽ ጀልባ ጁክ እንደ ማለት ነው። ይህ ምግብ የመጣው በከተማዋ ምዕራብ ከሚገኘውና የላይቺ ዛፎች ባሕረ ሰላጤ ከሚባለው የውሃ መንደር ነው። በዚያ ስፍራ ቤታቸውን በጀልባ ላይ ያደረጉ፣ ዓሣ በማጥመድና ሰው በማሻገር የሚኖሩ ሕዝቦች ነበሩ፤ የየብሱ ኅብረተሰብ ለረጅም ዘመን ዝቅ አድርጎ የሚያያቸው፣ ከጋብቻና ከሹመት የሚያገልላቸው ወገኖች ነበሩ። በበጋ ምሽት ለመናፈስ በጀልባ የሚወጡ የከተማዋ ባለ ጠጎች ሲርባቸው፣ እነዚህ ሰዎች ጀልባቸውን አስጠግተው ከውሃው ያገኙትን ትናንሽ ሽሪምፕና ዓሣ ከገንፎ ጋር ይሸጡላቸው ነበር። ዛሬ የሚቀርበው ቴንግ ጃይ ጁክ የዓሣ ቁራጭ፣ የስኩዊድ ክትፍ፣ በስሱ ተጋግሮ የተቆረጠ እንቁላል፣ የተጠበሰ ኦቾሎኒና የሽንኩርት ቅጠል ይገባበታል፤ ለስላሳው ገንፎ፣ የሚንኮሻኮሸው ኦቾሎኒና ሳሳ ያለው ስኩዊድ በአንድ ማንኪያ ውስጥ መገናኘታቸው የዚህ ጁክ ዋና ደስታ ነው። መጀመሪያ የምሽት ምግብ የነበረው ይህ ጁክ ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ይገኛል። የውሃ መንገዱ በመንገድ ተሸፍኖ ከቆየ በኋላ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2010 የእስያ ጨዋታዎችን ስታስተናግድ እንደ ገና ተከፍቷል፤ በዳርቻው ያሉት ቤቶችም ጁኩን ይሸጣሉ፤ ነገር ግን ምግቡ አሁን ለጎብኚ የሚዘጋጅ በመሆኑ ጥሩውን የሚፈልግ ሰው ወደ ውስጥ፣ ነዋሪው ወደሚበላባቸው ጠባብ መንገዶች ቢገባ ይሻለዋል።

ካፕ ዳይ ጁክ ደግሞ የሚተርከው ሌላ ነገር ነው። በውስጡ የአሳማ ሥጋ ድቡልቡል፣ ጉበትና አንጀት ወይም ኩላሊት ይገባል፤ ስሙ ግን ከሥጋው ጋር አይገናኝም፤ የቻይና ነገሥታት ሹማምንትን ይመርጡበት የነበረውን የመንግሥት ፈተና ማለፍን የሚያመለክት ነው። የአካባቢው ሰዎች እንደሚተርኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1499 በዚህ ፈተና ከመላ አገሪቱ አንደኛ የወጣው የናንሃይ ተወላጅ ሉን ዌንሹ በልጅነቱ አትክልት እያዞረ የሚሸጥ ድኻ ነበር፤ አንድ የጁክ ሻጭ አዝኖለት ከሥጋ የተራረፈውን እየጨመረ ያበላው ነበር፤ እርሱም ከተሾመ በኋላ ውለታውን ሳይረሳ ተመልሶ ለምግቡ ይህን ስም አወጣለት። የሰውየው ማዕርግ በታሪክ የተመዘገበ ቢሆንም የገንፎው ነገር ግን ከአፈ ታሪክ የሚያልፍ አይደለም። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1905 ተሽሯል፤ ስሙን የተሸከመው ጁክ ግን እስከ አሁን በየጁክ ቤቱ ዝርዝር ላይ አለ።

እንግዳን ሰው ይበልጥ የሚያስደነግጠው ስብ በሌለው የአሳማ ሥጋና ፔይ ዳን በተባለው የዳክዬ እንቁላል የሚዘጋጀው ጁክ ነው። እንቁላሉ በኖራ፣ በአመድ፣ በጨውና በሻይ ቅጠል ድብልቅ ተለብጦ ከሳምንታት እስከ ወራት ይቀመጣል፤ ከድብልቁ የሚመነጨው አልካላይን በቅርፊቱ አልፎ ሲገባ የእንቁላሉ ነጭ ያለ እሳት ይረጋና ጥቁር ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ይገኛል፤ አስኳሉም አረንጓዴ ይመስላል፤ ጥቂት የአሞኒያ ሽታም አለው። በውጭ አገር የመቶ ዓመት እንቁላል የሚለው መጠሪያው ማጋነን ነው። ቀድሞ አንዳንድ አምራቾች ሥራውን ለማፋጠን የእርሳስ ውሕድ ይጠቀሙ ስለ ነበር ዛሬ ገበያ ላይ የሚቀርበው ከእርሳስ ነጻ መሆኑ በማሸጊያው ላይ ይጻፋል። በመልኩ የተነሣ የሚጠየፈው ሰው ብዙ ነው፤ ይሁንና በገንፎ ውስጥ ሲበስል ሽታው ለዝቦ ቅባታም ጣዕሙ ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ እንቁላሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ለብቻው ከሚበላው ይልቅ በጁክ ውስጥ ቢያገኘው ይቀለዋል።

ጁክ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበላም። የቅርብ ጓደኛው ያው ጃ ግዋይ የተባለው፣ ሁለት ቀጫጭን ሊጥ ጎን ለጎን ተጣብቀው በዘይት የሚጠበሱበት ረጅም የሊጥ ጥብስ ነው፤ ተቆርሶ ገንፎው ውስጥ እየተነከረ ይበላል፤ ሳይርስ የወጣው ጫፉ ሲንኮሻኮሽ የራሰው ደግሞ ገንፎውን ይመጥጣል። በሕዝቡ ዘንድ እንደሚነገረው ሁለቱ ሊጦች፣ እ.ኤ.አ. በ1142 ጀግናውን የጦር አዛዥ ዩዌ ፌይን አስገድሏል ተብሎ የሚጠላውን ሚኒስትር ቺን ኵዌይንና ሚስቱን ይወክላሉ፤ ሕዝቡም ቁጣውን በፈላ ዘይት ሲወጣ ኖሯል። ሌላው ተጓዳኝ ቾንግ ፈን ነው፤ ከተፈጨ ሩዝ የተሠራ ቀጭን ፈሳሽ በእንፋሎት ተጋግሮ እንደ ስስ ሉክ ከሆነ በኋላ የሚጠቀለል ምግብ ነው። በጓንዡ ሥጋ ወይም እንቁላል ተጠቅልሎበት ቀለል ያለ ሶያ ሶስ ይፈስበታል፤ በሆንግ ኮንግ ግን ውስጡ ባዶ የሆነው ጥቅል ተቆራርጦ በተፈጨ ሰሊጥ፣ በጣፋጭ ሶስና በሰሊጥ ፍሬ ይቀርባል። የሊጥ ጥብሱ ራሱ በዚህ ሉክ ተጠቅልሎ ሲመጣ ጃ ሎንግ ይባላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያሰበ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል።

ጁክ ቤቱ ራሱ ጠባብ፣ ጫጫታ የበዛበትና ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ለመጨዋወት የማይመች ስፍራ ነው። ባዶ ገበታ ስለማይገኝ ከማያውቁት ሰው ጋር መቀመጥ የተለመደ ነው፤ እንግዳው ወንበር ስቦ መቀመጥ እንጂ ብዙ ይቅርታ መጠየቅ አይጠበቅበትም። አስተናጋጁን ለመጥራትም ሆነ ለማመስገን ምጎይ የሚለው ቃል ይበቃል። ገበታው ላይ ነጭ ቁንዶ በርበሬና ሶያ ሶስ ይገኛሉ፤ የዝንጅብል ክትፍና የድንብላል ቅጠል ደግሞ ከገንፎው ጋር ይመጣሉ። በርበሬ ለለመደ አፍ ይህ ሁሉ የሳሳ ሊመስለው ይችላል፤ ቢሆንም ሶስ አፍስሶ ገንፎውን ማጥቆር የባለሙያውን የማለዳ ሥራ ማጥፋት ስለሆነ በመጀመሪያ ጥቂት ማንኪያ ያለ ምንም ነገር መቅመስ ይገባል። ገንፎው ከሚታየው በላይ ይፋጃል፤ ላዩ የበረደ ቢመስልም ውስጡ የፈላ ነው፤ የአገሬው ሰው ከጠርዝ ጀምሮ በስሱ እየገፈፈ የሚበላውም ለዚህ ነው። ክፍያን በተመለከተ በጓንዡ አብዛኛው ነገር በስልክ የሚከፈል በመሆኑ መንገደኛው ከጉዞው በፊት አሊፔይ ወይም ዊቻት የተባሉትን መተግበሪያዎች ከባንክ ካርዱ ጋር ቢያያይዝ ይጠቅመዋል፤ በሆንግ ኮንግ ትናንሽ ቤቶች ግን ጥሬ ገንዘብ አሁንም ያገለግላል።

ለኢትዮጵያውያን ተጓዦች ክርስቲያንም ሆኑ ሙስሊም ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ የአሳማ ሥጋ ነው። የዓሣ ወይም የበሬ ሥጋ ጁክ ማዘዝ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከላይ እንደ ተገለጸው መሠረቱ በአሳማ አጥንት የተቀቀለ ሊሆን ይችላልና። ባክ ጁክ የሚባለው ነጭ ገንፎ ብዙ ጊዜ ከሥጋ የጸዳ ነው፤ ያም ቢሆን ሳይጠይቁ መተማመን አይቻልም። ለጾመኛ ይበልጥ የሚያስተማምኑት የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚያስተዳድሯቸው የአትክልት ምግብ ቤቶች ናቸው፤ በእነርሱ ዘንድ ሥጋም ሆነ የባሕር እንስሳ ወደ ድስቱ አይገባም። የአሳማ ሥጋ፣ አጥንቱንና ሾርባውን ጨምሮ፣ አልበላም የሚለውን በቻይንኛ በስልክ ላይ ጽፎ ማሳየት ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ጁክን ለጤና ማሰብ በቻይና የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1773 ጻኦ ቲንግዶንግ የተባለ አረጋዊ ሊቅ ለአረጋውያን አኗኗር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ 100 የገንፎ ዓይነቶችን መዝግቧል፤ በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ደግሞ ረኃብ ሲገባ ባለሥልጣናት በከተሞች የገንፎ ማደያ ይከፍቱ ነበር። ገንፎ ለደካማ ሆድ ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ ውሃውም በሙቅ አገር ላብ ላወጣ ሰውነት ይጠቅማል። ይሁን እንጂ እጅግ የፈረሰ ስታርች በሰውነት ውስጥ ፈጥኖ ወደ ስኳርነት ስለሚለወጥ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከነጩ ገንፎ ይልቅ ዓሣ ወይም ሥጋ ያለበትን፣ ያውም በልክ፣ ቢመርጥ ይመከራል። ብዙ ውሃ ያለበት ምግብ እንደ መሆኑም ጠዋት ብቻውን የበላ ሰው እኩለ ቀን ሳይደርስ ይርበዋል፤ የሊጥ ጥብሱ አብሮ የሚመጣው ለጣዕም ብቻ አይደለም።

ካንቶናውያን በስደት በደረሱበት ሁሉ ጁክን ይዘው ሄደዋል፤ በባንኮክ ጆክ ተብሎ ይሸጣል፤ በሳን ፍራንሲስኮና በቫንኩቨር የቻይናውያን ሰፈሮችም ይገኛል፤ ስለዚህ በእነዚያ ከተሞች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሊቀምሰው ቢፈልግ ጓንዡ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ወደ ጓንዡ ወይም ወደ ሆንግ ኮንግ የሚሄድ ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ድስቱ ገና ሙሉ ሳለ፣ ሰልፍ ወደ በዛበት የመንደር ቤት ይሂድ። የሆቴል ቁርስ ገበታ ላይ በማሞቂያ ዕቃ ውስጥ ሲንተከተክ የሚያረፍደው ጁክ ውሃው እየተነነ፣ ስታርቹም እየረጋ ወፍሮ የለጠፈ ስለሚሆን፣ እርሱን ቀምሶ የካንቶን ጁክ ጣዕም የለውም ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም።